የእናቴ በር ዘበኛ

አክስቴ እናቴን ክፍሏ ውስጥ የቆለፈችባት ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። በዐይኔ አይቻለሁ። በሩን ድምፅ እንዳያወጣ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ገጠመችው፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ ከዚያ አውጥታ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችውና ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ይሄም አልበቃት ብሎ ከወጥ ቤት በርጩማ አምጥታ በሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከኮሪደሩ ጫፍ ግድግዳውን ተደግፌ አያታለሁ።

«እማዬ ምን አድርጋ ነው?» አልኳት።

«ምንም አላደረገችም። ሂጂ ውጪ ተጫወቺ። ድምፅሽን እንዳልሰማ ደግሞ።»

ምንም ያላደረገ ሰው ላይ በር እንደማይቆለፍ ለማወቅ ስምንት ዓመት በቂ ነው። ውጪ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አክስቴን «ዘበኛዋ» ብዬ ሰየምኳት። በልቤ ነው እንጂ በአፌ አልደፈርኩም።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ የምትሄድበት ሁሉ የመድኃኒት ሽታ አብሯት ይሄዳል። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አንዴ ከወጣ ለሳምንታት አይመለስም። እሱ በሌለበት፣ እሑድ ማታ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መጣሁ ብላ አንድ ሻንጣ ይዛ ከተፍ አለች። ማን ጠራት? እኔ አልጠራኋትም። እናቴ ትጠራታለች ብዬ ደግሞ ለአፍታም አላሰብኩም።

እናቴ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ቆራጭ ናት። ስፌት ሳይሆን ቁረጣ፤ ልዩነቱን ሳልጠየቅ ለሁሉም አስረዳ ነበር። በረጅም ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሃምሳ ድርብ ሆኖ ይነጠፋል፤ በልብሱ ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን ላዩ ላይ ይቀመጥና ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፤ ከዚያ እናቴ ቢላው ቁልቁል የቆመውን የኤሌክትሪክ ማሽን በቀኝ እጇ እየነዳች፣ ጨርቁን በግራ እጇ እየተጫነች መስመሩን ትከተላለች። ግራ እጇ ላይ ከብረት ቀለበቶች የተሠራ ጓንት ታጠልቃለች። አንድ ቀን ወስዳኝ አሳይታኛለች። ጓንቷን አጥልቄ ክብደቱ እጄን ቁልቁል ሲጎትተው ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ቤት ውስጥ ግን የእናቴ ቀልብ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ድንች ትልጥና መጋረጃው መታጠብ እንዳለበት ትዝ ይላታል፤ መጋረጃውን ልታወርድ ወንበር ላይ ስትወጣ አምፖሉ አቧራ መልበሱን ታያለች፤ አምፖሉን ፈትታ ስትጠርግ ዘፈን ትጀምራለች፤ ዘፈኑ መሀል ላይ እኔን አንስታ ታሽከረክረኛለች። ወተቱ ገንፍሎ ያልቃል። እኛ ጨለማ ውስጥ ግማሽ የተላጠ ድንች ይዘን እንስቃለን። ጎረቤቶች «ቀልበ ቢስ» ይሏታል። ለእኔ ግን እንደ እናቴ ያለ የጨዋታ ጓደኛ በሰፈሩ አልነበረም።

ነገሩ የከፋው ድርጅቱ ትልቅ ትዕዛዝ ተቀብሎ ሥራውን በፈረቃ ሲያደርግ ነው። እናቴ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገብታ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ትወጣለች። ቤት ደርሳ እስኪነጋ ዐይኗ አይከደንም፤ ሊነጋጋ ሲል ትንሽ ሸለብ ያደርጋትና ወዲያው ትነሳለች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን የእጅጌውን ካርቶን ገልብጣ ማስመር ነበረባት፤ ግማሹ ለቀኝ፣ ግማሹ ለግራ እንዲሆን። ሳትገለብጥ ቆረጠችው። መቶ እጅጌ፣ መቶውም የግራ።

ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ እትዬ ሜትር የምንላት አለቃዋ ቤታችን ድረስ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ግቢ ስትባል እምቢ ብላ ተናገረች፤ «እጅሽ ወርቅ ነው። እኔ አንቺን ማጣት አልፈልግም። ግን ይሄ ትዕዛዝ ቅዳሜ እስኪያልቅ አንዲት ጨርቅ ብታበላሺ፣ ወይም አንድ ቀን ብትቀሪ፣ እኔም አላድንሽም።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች። አገጯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እሑድ ማታ አክስቴ ከመጣች በኋላ ወጥ ቤት ዘግተው ሲያወሩ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ቧንቧው ክፍት ስለነበር የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው።

«...እጅሽን ይዞልሽ ይሄዳል እኮ! መቶ እጅጌ ነው ብለሽ ተጽናኚ...» ይሄ የአክስቴ ድምፅ ነው።

«...ልጅቷስ?» አለች እናቴ።

«እሷ ምንም ባታውቅ ይሻላል። እስከ ቅዳሜ አትወጪም፤ በቃ።»

ከዚያ እናቴ አለቀሰች። የገባኝ ይሄ ነው፤ አክስቴ በመቶ እጅጌ ምክንያት እናቴን ልትቀጣት መጥታለች፤ እጇን የሚይዝ ሰው አለ፤ ቅዳሜ አንድ ነገር ይሆናል። የሚይዛት ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ፖሊስ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉ ከመዞሩ በፊት አክስቴ ክፍሉን ባዶ አስቀረችው። ሬዲዮኑን አወጣች። ያልተጨረሰውን የሹራብ ሥራ ከነመርፌው አወጣች። አሮጌ መጽሔቶቹን፣ መቀሱን፣ መጨረሻ ላይ የግድግዳ ሰዓቱን ሳይቀር። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ በምስማር መታች። መዶሻው ግድግዳውን ሲመታ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ተማሪ እጇን አጣጥፋ ታያለች።

ዛሬ ያ ሰዓት ለምን እንደወጣ አውቃለሁ። እናቴ እንቅልፍ ሲያጣት «አሁን ብተኛ አምስት ሰዓት እተኛለሁ፣ አሁን ብተኛ አራት» እያለች ቆጠራውን ስታሳድድ ትነጋለች። እኔም እንደዚያው ነኝ። ያን ጊዜ ግን እስረኛ ቀኑን እንዳያውቅ የተደረገ ነው የመሰለኝ።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና እናቴ ወጣች። ፊቷ ላይ የትራሱ መስመር አለ። ዝም ብላ በላች። ጫማዋን በአንድ ጊዜ አገኘችው። ቦርሳዋን ያዘች፣ ጓንቷን አየች፣ ሄደች፤ አንድም የረሳችውን ልትወስድ አልተመለሰችም። ማክሰኞም እንደዚያው። ወንበር ላይ አልወጣችም፣ አልዘፈነችም፣ አላሽከረከረችኝም። ዘበኛዋ እናቴን ሰበረቻት አልኩ። ደሜ ፈላ። እናቴ በዚያ ሳምንት የተሰበረች ሳይሆን ያረፈች ሴት መሆኗን ማን ይንገረኝ? ማክሰኞ ስትወጣ ጎንበስ ብላ ሳመችኝና «አይዞሽ፣ እስከ ቅዳሜ ነው። እንችለዋለን» አለችኝ። እኔ ይሄን ድረሺልኝ ማለቷ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ዘበኛዋ ከበርጩማዋ ተነሳች። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ስር ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ልትታጠብ ነው። የቁልፉን ክር ከአንገቷ አውልቃ ፎጣዋ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። ጫማዬን አወለቅሁ። በባዶ እግሬ፣ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ ሌላ እርምጃ። አክስቴ ፊቷ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ዐይኗን ጨፍናለች። ክሩን ሳነሳ ቁልፉ ድንጋዩን ነካና ቃጭ አለ።

«ማነው?» አለች።

ትንፋሼን ዋጥኩ። ውኃው ይፈሳል። አክስቴ ትንሽ ጠብቃ መታጠቧን ቀጠለች።

ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ በእንቅልፍ የሞቀ አየር ፊቴን ነካኝ። እናቴ በጎኗ ተኝታ ሁለቱን መዳፎቿን ጉንጯ ስር አድርጋለች። በመስኮቱ ብርድ ልብስ ጫፍ በምትገባ ቀጭን ብርሃን ጣቶቿን አየኋቸው። አሥሩም ነበሩ። ይሄን ምስል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ልቆጥረው አልችልም።

«እማዬ፣ ተነሺ! ከፈትኩልሽ! እንሂድ!»

ዐይኗን ስትከፍት የት እንዳለች አላወቀችም። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች። ከዚያ ቁልፉን እጄ ላይ አየችው። ከዚያ እንባዬን አየችው። ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር የተኛችው።

«ዘበኛዋስ?» አልኳት፣ «ፀጉሯን እየታጠበች ነው፣ አሁን ካልወጣን...»

«ዘበኛዋ?» አለችና ሳቀች። አፏን በመዳፏ ሸፍና እስክትንዘፈዘፍ ሳቀች። ከዚያ እግሯን ከአልጋው አወረደች።

በጓሮ በር ወጣን። ሰፈራችን ዳር እስካለው የአውቶቡሶች ማደሪያ ድረስ በሩጫ ነው የሄድነው። ከማደሪያው ኋላ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ያ ቀን በእድሜዬ ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን ነበር፣ ሐቁን ልናገር። እናቴ ተመልሳለች! ተረት ጀመረችልኝና መሀሉ ላይ ተወችው። እሽቅድድም ጀመርንና ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ አንድ የተጣለ ጎማ ማየት ያዘች። ስሟን ስጠራት በሦስተኛው ነው የምትሰማኝ። ዐይኖቿ ቀልተዋል። እኔ ይሄን ሁሉ ጨዋታ ነው ብዬ እየተንከተከትኩ ነበር።

ስንመለስ ዋናውን መንገድ መሻገር አለብን። እጇን ይዣለሁ። አውቶቡስ አለፈ፣ ሚኒባስ አለፈ፣ አንድ የጭነት መኪና እየመጣ ነው። እናቴ ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ መኪናውን በግልጽ አየችው፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ገባች።

«እማዬ፣ መኪና!»

ቀሚሷን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ወደቅሁ። ጥሩምባው ጆሮዬን ሰነጠቀው፤ ነፋሱ ፊታችንን መታን። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደበን። እናቴ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «አይቼዋለሁ እኮ» አለች ለራሷ፣ «አይቼዋለሁ።» ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ እኔ መፍራቴን ስታይ በግድ ሳቀችልኝ። እኔም ሳቅሁ።

ቤት የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። አክስቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች። በሩ ክፍት ነው። ፀጉሯን አላበጠረችውም። በየመንደሩ ስትፈልገን ውላ ጫማዋ ጭቃ ነው። እኔን ቀና ብላም አላየችኝ።

«ዛሬ አትሂጂ» አለቻት እናቴን። «አሞኛል በይ። እኔ ሄጄ እነግርልሻለሁ።»

«ከቀረሁ ነገ በሩን አታልፊም ተብያለሁ። ሰምተሻል።»

«እሺ ግማሽ ሰዓት ጋደም በይ።»

«አይመጣም። እኔ ከነቃሁ ነቃሁ ነው፤ ታውቂ የለ።»

«እንግዲያው ጓንትሽን» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «እባክሽ እህቴ፣ ጓንትሽን።»

«ይዣለሁ አልኩሽ!»

እናቴ ወጣች፤ ቦርሳዋን ረስታ ተመለሰች። ወጣች፤ መታወቂያዋን ረስታ ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ምን ልትወስድ እንደተመለሰች ጠፋትና እጇን አወራጭታ ሄደች። እኔ በየተራው እየቆጠርኩ እስቅ ነበር። ከእኔ በቀር የሳቀ የለም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከድርጅቱ አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች። ጠመኔ የነካው ሽርጧን አላወለቀችም። አክስቴ ሴትዮዋ አፏን ሳትከፍት ከበርጩማዋ ተነስታ «ስንት?» ብላ ጠየቀች።

«ሁለት ጣት» አለች ሴትዮዋ። «የግራ እጇን። ጓንቱን አጥልቃ ነበር እኮ! በቀኟ አጥልቃው... ማሽኑን በያዘችበት እጇ...»

የብረቱ ጓንት ቀኝና ግራ የለውም፤ ለየትኛውም እጅ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በግራ እጇ ያጠለቀችው ሰው በዚያ ቀን በቀኟ አጥልቃ ማሽኑን አስነሳችው። ያጣችው ጠቋሚ ጣቷንና መሀል ጣቷን ነው።

በማግስቱ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እትዬ ሜትር ከአክስቴ ጎን ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ሰኞና ማክሰኞ እኮ እንዲያ አድርጋ ስትሠራ አይቼ፣ ይቺ ሴት ዳነች ብዬ ነበር» አለች። «ምን ነካት?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች አክስቴ። «በሩን መቆለፍ ረሳሁ። ጠብቂኝ ብላኝ አልጠበቅኋትም።»

አባቴ ከመንገድ ሲመለስም ይሄንኑ ነገረችው። እሱ ለወራት አኮረፋት። እኔ ደግሞ ከዚያም ባስኩ። ቁልፉ ጫማዬ ውስጥ፣ ተረከዜ ስር ነበር፤ እየወጋኝ። በሩን እንደቆለፈችው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውሸቷን ነው። ሰው ላይ መቆለፏ እንዳይታወቅባት ትዋሻለች አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለቷን ብቻ አምኜ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠላኋት። ሰርጌ ላይ ስትመጣ ጉንጬን ሰጥቼ ዐይኔን ነፈግኋት። እናቴ ከዚያ በኋላ እዚያው ድርጅት የልብስ ቁልፍና ዚፕ በመለየት ሥራ ኖረች፤ በስምንት ጣት ፀጉሬን እየጎነጎነች አሳደገችኝ፤ ከሰባት ዓመት በፊት አረፈች። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አላወራችኝም።

እኔ አሁን ፋርማሲስት ነኝ። ባለፈው ወር ልጄ ታሞብኝ አራት ሌሊት በደንብ ሳልተኛ ሥራ ገባሁ። ለአንድ ሕፃን የታዘዘ ሽሮፕ ላይ የአዋቂ መጠን ጻፍኩ። ማዘዣውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አይቼዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ። እናትየዋ ጠርሙሱን ልትቀበል እጇን ዘርግታ ነበር።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ብዙ ጠየቀኝ፤ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ጀመርኳቸውና ስላልጨረስኳቸው ነገሮች። መጨረሻ ላይ የትኩረት ችግር ነው አለኝ፣ ኤዲኤችዲ፤ ከልጅነት የሚጀምር።

«እንቅልፍዎስ?» አለኝ።

«ሌሊት አእምሮዬ አይዘጋም።»

«እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ሰዎች እንደዚያ ናቸው። እንቅልፍ ማጣት የማንንም ትኩረት ይቀንሳል፤ ቀድሞውንም ትኩረቱን በትግል ለሚሰበስብ ሰው ግን ይብስበታል። ዐይንዎ ያያል፣ ያዩት ነገር ግን አይያዝልዎትም። መድኃኒቱን እንነጋገርበታለን፤ እንቅልፍዎን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይጠብቁት።» ከዚያ ወረቀቱን እየጻፈ «በቤተሰብ ይታያል፤ እናትዎ ወይም አባትዎ እንደዚህ ነበሩ?» አለኝ።

አክስቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትታየኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አክስቴ ሄድኩ። የምትኖረው በዚያው በድሮው ቤታችን ነው። አርጅታለች፤ የመድኃኒት ሽታዋ ግን አሁንም አለ። ቦርሳዬን ከፍቼ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

አክስቴ ቁልፉን አየችው። «ያን ቀን ሳሙናው የገባው ዐይኔ ውስጥ ነው እንጂ ጆሮዬ ውስጥ አይደለም» አለች። «ቃጭ ሲል ሰምቻለሁ። ድመቷ ናት ብዬ ተውኩት። በኋላ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን...»

«እናትሽ ናት። ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ እጇ ተጠቅልሎ፣ መጀመሪያ ያለችኝ ነገር ‹ልጄ እንዳትሰማ› ነው። ‹ቆልፊብኝ› ብላ ለምና ያመጣችኝም እሷው ናት፤ ከነቃሁ አልተኛም፣ በሩ ክፍት ከሆነ እወጣለሁ ብላ። ‹ታዲያ ለምን ተከትለሻት ወጣሽ?› አልኳት፤ ተናድጄ ነበር።»

«ምን አለችሽ?»

አክስቴ ጭኗ ላይ የነበረውን ፎጣ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። «‹ልጄ ልታድነኝ ነው የመጣችው› አለችኝ። ‹እያለቀሰች። እንዴት ብዬ ፊቴን አዙሬባት ልተኛ?›»

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አክስቴ አላባበለችኝም። አልቅሼ እስኪወጣልኝ ጠብቃ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ዐይኔን፣ ከዐይኔ ስር ያለውን ጥቁረት አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተኛሽው?»

«ቆይቷል።»

«ነይ» አለችና ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳች።

ክፍሉ አልተለወጠም፤ አልጋው ብቻ ነው የተለወጠው። «ጫማሽን» አለች፤ አወለቅሁ። «ሰዓትሽን»፤ ሰጠኋት። ከዚያ እጇን ሳታጥፍ ቆመች። «እሱንም።» ስልኬን ሰጠኋት፤ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። መጋረጃውን ዘጋችና ወጣች። በርጩማው ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ።

«አክስቴ፣ ቁልፉ አሁንም ይሠራል?» አልኳት ከውስጥ።

«እንጃ» አለች። «ያኔ ከጠፋ ወዲህ ይሄ በር ተቆልፎ አያውቅም።»

ቁልፉ ጉድጓዱ ውስጥ ተፋጨ፣ እምቢ አለ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ሁለቱን መዳፎቼን ጉንጬ ስር አደረግሁ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁት፤ ሌላ የሰማሁት ነገር የለም።